ሃጎፔ፣ ሙቀጫው ከኬለር ወጥቷል

ውድ ሃጎፔ፣

ጥፋቱ የዲትማር ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ተምሬያለሁ፤ ይህን ሳላስቀድም ግን ሰላምታው አልወጣልኝም። አንተን ከአገር አገር ያዞረህ፣ ስምህን በየከተማው ግድግዳ ላይ ያስለጠፈልህ፣ ሰው ሁሉ ባለውለታህ ነው የሚለው ወኪልህ ዲትማር በኔና ባንተ መካከል በር ዘግቶ የሄደ ሰው ነው። አሁን ልጠይቅህ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው በረዶ ቀለጠ። ከመስኮትህ ፊት ያለው ዛፍ ሊያቆጠቁጥ ነው። ፒያኖህ እንደተዘጋ ነው፤ አቧራውን በየሳምንቱ እጠርግለታለሁ። ከታች የነበረው ዳቦ ቤት ተዘግቶ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ገብተውበታል። ካፖርትህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ከስደተኞች መጠለያ የመጣ አንድ ወጣት ለብሶት ባለፈው እሑድ ከፊቴ ቆመ፤ ጀርባውን ሳይ ቅዳሴው ሳይሰማኝ አለቀ። የገና ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ፤ ያንተ ገና ከኔ በአንድ ቀን ስለሚቀድም ያንተን አክብረን ሳንተኛ የኔን እንቀበል ነበር። ዘንድሮ ሁለቱንም ብቻዬን ዋልኩ። ሁለት በዓል ብቻን መዋል ከአንዱ በላይ ይረዝማል።

ሰው ለምኜ ያስጻፍኩት እንዳይመስልህ። በገዛ እጄ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል፤ አንተ ካረፍክ ብዙም ሳልቆይ ሄጄ ከነሱ ጋር ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚያስተምረን ዲያቆን በሥራ ቀን ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሻንጣ ሲጭን የሚውል ጎረምሳ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑልኝ፤ ከኋላ ሲሆኑ ልጆቹ እየዞሩ ያስቸግሩኛል» አለኝ። ከፊት ሆንኩ። ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ በጀርመንኛ «እሷ ክፍል ደግማ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰምቼ ሳቅሁ። መድገሜን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስንት ጊዜ ከሀ ጀምረናል? ከጉዞ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እርሳስ ታቀርባለህ፤ ሀ ሁ እንላለን፣ ለ ሉ እንላለን፣ ቀ ላይ ስንደርስ ስልኩ ይጮሃል። ዲትማር ነው። ለንደን፣ ቶኪዮ፣ ቪየና፣ የሬቫን። ሻንጣህን አዘጋጃለሁ። ስትመለስ ያወቅሁትን ረስቼ እጠብቅሃለሁና እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ያንተ ስም የሚጀምርበት ፊደል ከመጀመሪያው ነበር፤ የኔ ግን ሩቅ ነው። አብረን አንድም ቀን ዘ አልደረስንም። ዘነበች ብዬ ስሜን የጻፍኩት አንተ ካለፍክ በኋላ ነው። ፊደሉን የፈለግሁትም ለሌላ አይደለም፤ በአፌ ሳልነግርህ የቀረውን የማደርስበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው።

እኔንና አንተን ያገናኘን ድምፅ ነበር። አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ፣ እኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ አንተ ከአጥሩ ወዲያ፣ አርመናዊው አያትህ ተሰደው መጥተው በሠሩት ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ፒያኖህን ትለማመዳለህ። እኔ ጓሮ ቁጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በርበሬውን እወቅጣለሁ። አንድ ቀን ዘነዘናዬ ሲያርፍ ያንተም ጣት አረፈ። ስጀምር ጀመርክ። ቸኮልኩ፤ ቸኮልክ። ሆን ብዬ ሁለቴ መትቼ ዝም አልኩ፤ አንተም ሁለቴ መትተህ ዝም አልክ። አሠሪዬ ከውስጥ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ሙቀጫው ዘፈን ተማረ?» አሉኝ። አጥር ሳንሻገር፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣ እንዲህ ስንጫወት ከረምን። በኋላ ደጅ ላይ ያገኘኸኝ ቀን የመጀመሪያ ንግግርህ «ትናንት ምን ሆነሽ ነው? እጅሽ ልቡ አልነበረም» የሚል ነበር። በርበሬ ዓይኔ ገብቶ ነበር። እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ የለም።

ልንጋባ ነው ስንል የናንተ ቤት አኮረፈ፤ በኔ በኩል የሚያኮርፍ ወገን አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ስለሚተዋወቁ ቄሱ አላስቸገሩንም። ከዚያ ለውድድር ጀርመን ሄድክ፤ አሸነፍክ፤ ዲትማር አገኘህ። አገር ቤት ዘመኑ ተገለባብጦ ነበርና ያንተ መመለስ ቀርቶ የኔ መምጣት ሆነ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የበለጠ ቦታ የያዘው አሠሪዬ ለሠርጌ የሰጡኝ ያ ሙቀጫ ነበር። በስልክ «እሱን እንዳትረሺ» ያልከኝ አንተ ነህ።

ኖርድኤንድ ሰፈር ያለው ቤታችን በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንተ ትለማመዳለህ፣ እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እወቅጣለሁ። ዲትማር ካንተ ክፍል ወጥቶ መጣ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ፈገግ አለ፤ ወደ ፒያኖው ክፍል ጠቆመኝ፤ የወጥ ቤቱን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ቋንቋ ስላልነበረኝ እሱም ቃል አላስፈለገውም።

አንተ አገር ቤት ያደግህ ሰው ነህና የቀረው ይገባሃል። ባል በአፉ ሊለው ያፈረውን በሽማግሌ ይልካል። በሽማግሌ የመጣ ቃል መልስ አይመለስበትም፤ ለምን ሰው ላክህብኝ ብሎ ማንሳት ነውር ነው። ዲትማር ዕድሜው ካንተ ይበልጣል፤ ጠጉሩም ያኔ ገብስማ ነበር። አንተ የላክኸው መሰለኝ። የገረድነቴ ድምፅ ሰው ፊት አሳፍሮት ነው፣ ጀርመን ለውጦታል አልኩ። ሙቀጫውን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ኬለር፣ ወደዚያች የምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫችን አወረድኩት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ጥላ ኖርኩ። ስትለማመድ ጫማዬን ኮሪደሩ ላይ አወልቃለሁ። ቧንቧ አልከፍትም። ሽንኩርቱን በቢላዋ በስሱ እከትፋለሁ፤ ቅመሙን ተፈጭቶ የተሸጠውን እገዛለሁ። ድስት ከድስት እንዳይነካካ መካከሉ ጨርቅ አደርጋለሁ። አንተ አንዲት ቁራጭ ዜማ ይዘህ ከጠዋት እስከ ምሳ ትመላለስባታለህ፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ እሰማሃለሁ። ስትናደድ አውቃለሁ። ሲሳካልህ አውቃለሁ። ሻይ የሚያሰኝህን ሰዓት አውቅና አቅርቤልህ በጣቴ ጫፍ እወጣለሁ። አንተ ቀና ብለህ ታየኛለህ። አሁን ሳስበው አስተያየትህ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር፤ ያኔ ግን ቶሎ ውጪልኝ የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።

ታሊን ስትወለድ ማልቀስ በጀመረች ቁጥር በጋሪ ይዣት ወጣሁ፤ በዝናብም፣ በበረዶም። ልጃችን አፏን ስትፈታ ከማማና ከፓፓ ቀጥላ ያወቀችው ቃል «ላይዘ» ነው። ቀስ፣ ድምፅ ቀንሺ። ከኔ ነው የተማረችው። ዲትማር ደግሞ በመጣ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ሲያገኘኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይስቅልኛል። ሰላምታ ሆኖለት ነበር። እኔም «ሄር ዲትማር» ብዬ ጎንበስ እልለታለሁ።

ከሄድክበት ሁሉ ካርድ ትልክልን ነበር። ለታሊን በጀርመንኛ ትጽፍላታለህ። ለኔ፣ ማንበብ እንደማልችል ስለምታውቅ፣ ሥዕል። ሁልጊዜ ያው ሥዕል፤ ሙቀጫና ዘነዘና። ከቶኪዮም ሙቀጫ፣ ከለንደንም ሙቀጫ። ምን ያህል ያመኝ እንደነበር አታውቅም። ከየት እንዳነሳኸኝ የምታስታውሰኝ መሰለኝ። አንድ ጊዜ አየውና መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ።

ያ ጭፈራ ደግሞ ነበረልህ። በየአዳራሹ ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብ የምትጨምርላቸው፣ ራስህ የደረስከው አጭሩ። ግራ እጅህ ከታች ድም፣ ድም ሲል ቀኝ እጅህ ከላይ የሚሮጥበት። ጋዜጦቹ ከአርመን ተራሮች የወረደ ጥንታዊ የመንደር ጭፈራ ነው ብለው ሲጽፉ ታሊን አንብባልኛለች። ከአራት ኪሎ ጓሮ ነው የወረደው። የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርቴን ለየሁት። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ የኔ እጅ አልነሳ አለኝ። ለዓለም የሚያስደምጠውን እቤቱ ዝም አሰኘው አልኩ፣ በልቤ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ «እንዴት ነበር?» አልከኝ። «ጥሩ ነው» አልኩህ። ወደ መስኮቱ ዞርክ።

የዓለም ዋንጫ እዚህ አገር በተደረገበት በጋ ከጃፓን ስትመለስ ሳል ይዘህ መጣህ። ይህቺን ጉዞ ብቻ አለ ዲትማር። ያቺ ጉዞ ሌላዋን ወለደች፤ አንተም እየሳልክ ሄድክ። ለመሄድ ማንም አላስገደደህም ይሉኛል። እቤትህ የሚጠብቅህ ዝምታ ከሆነ ምን ያስቀምጥህ ነበር? ይህን አሁን ነው የማስበው።

ሐኪሞቹ ካስተኙህ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ የሳህን ጋሪ ይንኳኳ ነበር። ነርሷ እንዳይረብሽህ ብላ በሩን ስትዘጋው «ክፈችው ዘኒ» አልከኝ። ከፈትኩት። ዓይንህን ጨፍነህ ሳህንና ማንኪያ ሲጋጭ ታዳምጣለህ። «ደስ ይላል» አልክ። «የኛ ወጥ ቤት እኮ ድምፅ የለውም ነበር።» ከዚያ «ዘኒ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ነበር ያኮረፍሽኝ?» አልከኝ።

እኔ ነኝ ያኮረፍኩት? አልኩህ። አንተ አይደለህ እንዴ ዝም በይ ብለህ ሽማግሌ የላክህብኝ? «ማንን?» አልክ። ዲትማርን አልኩህ። ዓይንህን ከፈትክ። «ዲትማርን? ሽማግሌ?» አልክና ሳቅህ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፤ እስኪለቅህ ጀርባህን ይዤልህ ቆየሁ። «ዲትማር እናቱንም በቴርሚን፣ በቀጠሮ ነው የሚጠይቀው። እሱን ለሽምግልና የሚልክ አለ?» አልክ። እንደገና ሳቅህ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

ተራ በተራ ነገርከኝ። ሙቀጫው ዝም ሲል አገሬ ናፍቆኝ፣ ባንተም መዞር ተቀይሜ ያኮረፍኩ መስሎህ ነበር። ያኮረፈ ሰው በግድ አይናገርም፣ ሲለቀው ራሱ ይመለሳል ብለህ ጠበቅህ። ካርዱ ላይ ሙቀጫ የምትስለው ታረቂኝ ስትል ነበር። ያን ጭፈራ በየአዳራሹ የምትመታው፣ ሁለቴ መትተህ ዝም የምትልባት ቦታ ላይ ከፊት ረድፍ አንድ ነገር አደርግልህ እንደሆነ፣ በጫማዬም ቢሆን መሬቱን መታ አደርግልህ እንደሆነ ስትጠብቅ ነበር። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

አንዳችን ፈረንጅ ብንሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን ተጠያይቀን ይለቅልን ነበር። ሁለታችንም የዚያ አገር ጨዋ ልጆች ሆንን።

ሙቀጫውን ከኬለር አወጣዋለሁ አልኩህ። «ዘነዘናውን እዚሁ አምጪው» አልከኝ። በማግስቱ በቦርሳዬ ይዤው መጣሁ። አጠገብህ የተኛው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበርና በዘነዘናው መምታት አልተቻለም፤ በጣቴ የአልጋህን ብረት መታ መታ አደረግሁልህ። ጣቶችህ አንሶላው ላይ ተከተሉኝ። ቸኮልኩ፤ አልቻልክም። ቀስ አልኩልህ። ፈገግ አልክ። በዚያው ሳምንት አረፍክ።

ከዚያም በኋላ አልተወንም። ቀብሩን ያሰናዳው ዲትማር ነበር። የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡልኝ። የመጀመሪያዋ ገና ድምፅ ስታወጣ ዲትማር በታሊን ጆሮ አንድ ነገር አለ፤ ታሊን መጥታ ክንዴን ያዘችና «ማማ፣ ላይዘ» አለችኝ። ያቺኑ የሕፃንነቷን ቃል። ለእህቶቼ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ዝም አሉ። አንተን የሚያህል ሰው ስምህ ሳይጠራ፣ ሙሾ ሳይወርድልህ አፈር ገባህ። አራት ሰዎች ቫዮሊናቸውን መቱ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። በጣም ያማረ ነበር አሉኝ። በማግስቱ ድምፄ ተዘጋ። ሲጮሁ የዋሉ ሰዎች እንደሚዘጋባቸው፤ እኔ ግን ሳልጮህ።

ባለፈው ወር ዲትማር መጣ። አርጅቶ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ ጣቱ አሁንም ወደ ከንፈሩ ሄደ። በዚህ ጸደይ ትልቅ የመታሰቢያ ምሽት ሊያዘጋጅልህ ነው፤ ፒያኖ የሚመቱ ከየአገሩ ይመጣሉ። ሲጀመር ሰው ሁሉ ተነስቶ ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ያስብሃል፤ እኔ ጥቁር ለብሼ ከፊት እቆማለሁ። ታሊን አጠገባችን ነበረች፤ እኔ ግን አስተርጉሚልኝ አላልኳትም። በዚያችው በተሰባበረች ጀርመንኛዬ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ የወጥ ቤቱን በር የዘጋህብኝ ሃጎፕ ልኮህ ነው?

አላስታወሰም። በሩን፣ ሙቀጫውን፣ ሳምንቱን ሁሉ አስረዳሁት። አሰበ፤ ከልቡ ነው ያሰበው። «ከሙኒክ በባቡር መጥቼ ይሆናል» አለ። «ባቡር ስሳፈር ሁልጊዜ ራሴን ያመኛል።»

ራሱን አሞት ነበር፣ ሃጎፔ። ይኸው ነው።

ለምሽቱ እመጣለሁ፤ ሙቀጫዬን ግን ይዤ ነው የምመጣው፣ በዝምታውም ደቂቃ እወቅጥለታለሁ አልኩት። ሳቀ። «ማማ፣ አብደሻል» አለች ታሊን በጀርመንኛ። የምሬን እንደሆነ ሲገባው በትሕትና፣ በዚያ በለመደው ትሕትናው፣ በእንዲህ ያለ ምሽት እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም አለኝ። እንግዲያው ያለኔ ዝም በሉለት አልኩና በሩን ከፈትኩለት።

ባለፈው ቅዳሜ ታሊን ሪድበርግ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ወጥታ መጣች። የኔ ጉልበት ደረጃ ስለማይወድ ሙቀጫውን ከኬለር ያወጣችልኝ እሷ ናት። ፎጣውን ፈታሁት። አፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ግን ይሠራል። ያንተን ክፍል በር ከፈትኩ፣ የወጥ ቤቱንም ከፈትኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ጀመርኩ። መጀመሪያ እጄ አፈረ። ቆይቶ ለመደ። ሁለቴ መትቼ ዝም አልኩ፤ ካንተ ክፍል መልስ ስጠብቅ። አልመጣም። ያኔ ነው የጮህኩት። ስምህን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ቀብርህ ላይ የዋጥኩትን ሁሉ አወረድኩልህ። ታሊን በሩ ላይ ቆማ «ማማ» አለች። ላይዘ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። «ይሄ የፓፓ ጭፈራ ነው እኮ» አለች፤ በአማርኛ። ዘነዘናውን ከእጄ ወስዳ እሷም ሞከረችው። እጇ አልለመደም። ይለምዳል።

ወዲያው በራችን ተደወለ። ከታች ያለችው አሮጊት ጎረቤታችን ናት። ልትጣላኝ የመጣች መስሎኝ ፊቴን አጥቁሬ ከፈትኩላት። አንተ ከሞትክ ወዲህ ቤቱ ባዶ መስሏት ነበርና ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ነው። «ባለፒያኖው ከልጁ ጋር ብቻውን የሚኖር ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። እኔን ደረጃ ላይ ስታየኝ የኖረችው ቤቱን ላጸዳ የምመጣ ሴት መስያት ነው። ሚስቱ ነኝ አልኳት። ቀይ ሆነች፤ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ምን አጠፋች? እዚህ ቤት መኖሬን በምን ትወቅ?

የዲትማር ምሽት ይደረግ። እነሱ እንደወግ ልማዳቸው ቆመው ዝም ይበሉልህ። ካርዶችህን ከመሳቢያው አውጥቼ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ያንን ሁሉ ሙቀጫ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊደል ስመለስ በሮቹን ከፍቼ እወቅጥልሃለሁ፤ ሁለቴ መትቼ ያንተን ተራ እተውልሃለሁ። እጄ ዘነዘና ማንሳት እስከቻለ ድረስ የማስብህ እንዲህ ነው። መልስህን አልጠብቅም አልልህም፤ እጠብቃለሁ።

ከእንግዲህ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ጫማዬን አላወልቅም።

ያንተው ዘነበች